አሮጌ የመለሰ አዲስ ይወስዳል

ሐምሌ 3

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከጭነት መኪናው ቀድሞ ቢደርስሽ ደስ ባለኝ፤ ግን የሚመጣው ከመኪናው ጋር ነው፣ መኪናውም እንደምታውቂው ደስ ሲለው ነው የሚደርሰው። ሁለት ጭነት ሙሉ ሳልጽፍልሽ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሹፌሩ «እህትህ ወረቀት የለም ወይ ስትለኝ እኔ አፈርኩልህ» አለኝ። እኔም አፍሬያለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ላልሽው፣ ስልክማ አለ። ግን አንቺ ግቢ መፍጫው ሲጮህ አትሰሚኝም፤ ስትሰሚኝ ደግሞ ትስቂብኝና ልጠይቅሽ የነበረውን እረሳለሁ። ወረቀት ላይ ቢያንስ የጻፍኩትን አልክድም።

«እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብለሻል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። እርግጠኛ ነኝ። ላስረዳሽ። እኛ ፋብሪካ ሁለት ነገር አይታወቅም ነበር። ሰው ስንት አዲስ ጀሪካን እንደሚገዛ አይታወቅም። ስንት አሮጌ ጀሪካን እንደሚመልስም አይታወቅም። አዲሱ የሚሠራው ደግሞ አንቺ አጥበሽና ፈጭተሽ ከምትልኪው አሮጌ ነው። አሮጌው ሲጠፋ ማሽን ይቆማል፤ ሲበዛ ከረጢቱ መጋዘን ይሞላና መተላለፊያ እናጣለን። እኔ ያወጣሁት ደንብ ይህን ነው የፈታው። ጅምላ ሻጩ በዚህ ወር አንቺ ዘንድ ባስረከበው አሮጌ ልክ በሚቀጥለው ወር አዲስ ይመደብለታል፤ ያልመለሰ አይመደብለትም። አሮጌ የመለሰ አዲስ ይወስዳል፣ በቃ።

ደንቡ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው። የሚመለሰው በሳምንት ከዘጠኝ መቶ ወደ አንድ ሺህ አራት መቶ ወጣ። ያውም በክረምት! ሰው ከጣሪያው ሥር ባልዲ ደርድሮ ውሃ በሚያጠራቅምበት ጊዜ ጀሪካን ማን ይገዛል? ዘንድሮ ግን ተገዛ። አለቃዬ ሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ስለዚህ አሥራ ሁለት አጣቢ ቅጠሪ። ቋሚ ነው በያቸው። እርግጠኛ ነኝ ብያለሁና ሦስተኛ መስመር እንዳታሰምሪበት።

ወንድምሽ


ሐምሌ 14

ለሊቁ ወንድሜ፣

ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ ቀድሞ ይነግረኛል፣ እሱም ካንተ ትንበያ ይሻላል።

ያሰመርኩበት ተቆጥቼ አይደለም። አንተ ሰው የምትቀጥረው በቁጥር ነው፣ እኔ በቃሌ ነው። አንተ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ትላለህ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አሥራ ሁለት ፊት አያለሁ። ይሁን፣ ቀጥሬያቸዋለሁ። ከነባሮቹ አሥራ አራት ጋር ሃያ ስድስት ሆንን። ሦስቱ የሲሚንቶ ገንዳዎች ስላልበቁን አንድ በርሜል ለሁለት አስቆርጬ ጨምሬበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ብሩሹ ሲፋተግ የግቢው ድምፅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

ከአዲሶቹ አንዷን ላስተዋውቅህ። ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል ልብስ ስታጥብ የኖረች ናት። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። የዚያ ሥራ ቋሚ ነበር፣ ግን በእንፋሎቱ ደረቷ ታመመባትና የእኛን አየር ያለበትን ግቢ ወደደችው። በመጀመሪያው ቀን ጀሪካኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስገባችና «ይሄ ዘይት ነበረበት፣ ይሄ ናፍጣ፣ ይሄኛው የቀለም ማቅጠኛ» እያለች ለየችልን። ናፍጣ የነካው ለብቻው ካልታጠበ ከረጢቱን በሙሉ እንደሚያበላሸው ታውቃለህ። እኛ ይህን ለመለየት ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ አፍንጫ ሆነ፤ እሷም ትስቅበታለች።

ልትቀጠር ስትል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ቋሚ ነው?» አለች። «ወንድሜ ብሏል» አልኳት። «ወንድምሽ የሚለው ይሆናል?» አለች። «ይሆናል» አልኳት። የሆስፒታሉን ሥራ በማግስቱ ለቀቀች።

አንድ ሺህ አራት መቶ ስልህ ከረጢቱ ለምን ከዚያ በላይ ይመዝናል ብለህ በስልክ ለጠየቅከኝ፣ ዝናብ ነው። እርጥብ ነገር ይከብዳል።

እህትህ


ሐምሌ 29

እትዬ፣

ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም! ሰላምታ ሳላስቀድም በመጻፌ ይቅርታ፤ ሦስት ቀን ሲከነክነኝ ሰንብቶ ነው። አሁን እንደምን ሰነበትሽ ልበል። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች።

«ገበያው ቢቀዘቅዝስ?» ብለሽ በስልክ ጠይቀሻል። አልቀዘቀዘም። በዚህ ወር የተመደበው ሁሉ ተነሥቷል፤ አንድም ጅምላ ሻጭ ድርሻዬ ይቅርብኝ አላለም። እንዲያውም ያንቺ ከተማው ጅምላ ሻጭ ጠቅልል (መጋዘን በገባ ቁጥር «ጠቅልለህ ጫነው» ስለሚል እኛ ዘንድም በዚህ ስም ነው የሚታወቀው) ይጨመርልኝ ብሎ ማመልከቻ አስገብቷል።

ግን ጥቂት ነገሮች አልገቡኝም። የጥራት ተቆጣጣሪያችን ከከረጢትሽ አንድ እፍኝ አውጥቶ ብርሃን ላይ አየውና «እህትህ ምን ዓይነት አጣቢ ብትቀጥር ነው? ይሄ እኮ ሙጫ የለው፣ ሽታ የለው» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የሳሙና መጠየቂያሽን አየሁ፤ አጣቢ በእጥፍ ጨምረሽ ሳሙና ቀንሰሻል። እንዴት ነው የሚሆነው? ደግሞ ሹፌሩ ግቢሽ ውስጥ ክዳናቸው እንደተጠበቀ የተደረደሩ ጀሪካኖች አይቻለሁ አለኝ። ከሰው ቤት ከወጣ አሮጌ ጀሪካን መጀመሪያ የሚጠፋው ክዳኑ አይደለም ወይ?

ክፉ ነገር አስቤ አይደለም። ደስ የሚሉ ነገሮች ሲደራረቡብኝ ለምን እንደምፈራ አላውቅም።

ወንድምሽ


ነሐሴ 9

ለሊቁ፣

ሳሙናው የቀነሰው አፍንጫ ቆጣቢ ስለሆነች ነው። ክዳኑም ሰው እየሠለጠነ መጥቶ ነው። የከረጢቱን ነገር ተወው።

እጄ በውሃ ሟሙቶ ብዕር አይዝም፤ ብዙ ስላልጻፍኩ አትቀየመኝ። ባለቤትህን ሳምልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ደንብህ ድንገት ቀረ ቢባል፣ እኔ የቀጠርኳቸው አሥራ ሁለቱ ምን ይሆናሉ? እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።

እህትህ


ነሐሴ 18

እትዬ፣

ዝናቡ እንዴት ይዞሻል? ሟሟ ያልሽው እጅሽ ቅባት ይፈልጋል፤ ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬልሻለሁ።

እንዲያው ነው ያልሽው ጥያቄ እንዲያው አልመሰለኝም። ደንቡ ከቀረ አሥራ ሁለቱ ይሰናበታሉ፤ ሌላ መልስ የለውም። ግን ለምን ይቀራል? ደግሞም ለምን እንደጠየቅሽ ስጠይቅሽ አትመልሺልኝም፣ ስለዚህ አልጠይቅሽም።

ግራ የገባኝን ልንገርሽ። ቅዳሜ ባለቤቴን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ጀሪካን ገዢ መስለን በየሱቁ ጠየቅን። አንዱ ባለሱቅ ከእንቅልፉ የነቃ መስሎ አየንና «በዚህ ዝናብ?» አለን። ሁለተኛው ሱቅ ድመቷ ጀሪካኖቹ ላይ ወልዳለች፤ አንድ ወር ሙሉ የነካቸው የለም ማለት ነው። ስድስት ሱቅ ገብተን አንድ ሰው ሲገዛ አላየንም። ሰኞ ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ፤ ያመረትነው ሁሉ ተነሥቷል፣ ከአምናው ክረምት በእጥፍ። ሰው አይገዛም፣ ዕቃው ያልቃል። ሁለቱንም በዓይኔ አየሁ። ሁለቱም እውነት ከሆኑ ያበድኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ «ምናልባት ማታ ማታ ይሆናል የሚገዙት» አለችኝ። እሷም ግራ ሲገባት ነው። ሹፌሩ ደግሞ «ጌታዬ፣ የአንተ ጀሪካን ይዞራል እንጂ አይሄድም» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ቀልዱ አልገባኝም፤ እንዳልገባኝ ሲያይ የበለጠ ሳቀ።

አለቃዬ በዚህ ቁጥር ተማምነው ለአንቺ ግቢ ሁለተኛ መፍጫ ሊያስመጡ ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ዕቅዱን እኔ ነኝ የምፈርመው። የማውቀውን ነገር እፈርማለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ምን እንደማውቅ አላውቅም። እባክሽ፣ የምታውቂው ነገር ካለ ከመፈረሜ በፊት ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 28

ወንድም ዓለም፣

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ጉዱን እኔ ይዤዋለሁና ሳይጠባ ልንገርህ። ቅባቱ ደርሶኛል። ያንን ቅባት እየተቀባሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አዲሶቹ በገቡ በሁለተኛው ሳምንት አፍንጫ አንድ ጀሪካን ይዛ ቢሮዬ ገባች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «ይሄ ምንም አልያዘም» አለችኝ።

«አጥበውት ይሆናላ።»

«የታጠበ ነገርማ ሳሙና ሳሙና ይላል። ዘጠኝ ዓመት አጥቤያለሁ እኮ! ይሄ የሚሸተው ፋብሪካ ነው። ይሄ ጀሪካን ሰው ቤት አልገባም፣ ውሃም አላየም።»

ገለበጠችው። ቂጡ ላይ የተሠራበት ወር ታትሟል፤ ሰኔ ይላል። የጀሪካን ቂጥ ማን አይቶ ያውቃል? ወጥቼ ክምሩን ገለባበጥኩ። ሰኔ፣ ሰኔ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። ያንተው ጀሪካኖች ናቸው። በአንተ መኪና መጥተው፣ ጠቅልል መጋዘን አድረው፣ እኔ ጋ አሮጌ ተብለው ገብተው፣ ታጥበውና ተፈጭተው በዚያው መኪና ወደ አንተ ይመለሳሉ። ሹፌሩ የሳቀው ይህን ነው።

ጠቅልልን ላነጋግረው ሄድኩ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቶ ራሱ ውጭ ዣንጥላ ይዞ ቆሟል። «ምን ላድርግ?» አለኝ። «አሁን አሮጌ ካልመለስኩ ድርሻዬን አጣለሁ፤ ድርሻዬን ካጣሁ በበጋ ሰው ሲሻማ ባዶ እጄን ነኝ። አምና ያየሁትን አይቻለሁ። በክረምት አሮጌ ከየት ላምጣ? ሰው ጀሪካኑን የሚጥለው አዲስ ሲገዛ ነው፣ የሚገዛ ደግሞ የለም። እንዳላስቀምጠው ቦታ የለኝም፤ ጀሪካን ማለት አየር ነው፣ አየር ነው የማከማቸው! ከሞላብኝ አንቺ ጋ አመጣዋለሁ። የወንድምሽን ደንብ ነው ያከበርኩት።»

«ደንቡ አሮጌ ነው እኮ የሚለው» አልኩት።

«እኔ ዘንድ ሁለት ወር የተቀመጠ አላረጀም?» አለኝ። ሌሎቹም ጅምላ ሻጮች እንደዚያው ናቸው።

አሁን ደግሞ የእኔን ልንገርህ፤ ይህን ለመጻፍ ነው የዘገየሁት። ተመልሼ አፍንጫን «እጠቢ፣ ዝምም በይ» አልኳት። አምስት ሳምንት ሆነ። ንጹሑን ጀሪካን እንደ ቆሸሸ ትፈትጋለች፣ እኔም አያታለሁ፣ እሷም ታየኛለች፣ ሁለታችንም አንነጋገርም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ውሃ ወቀጣ መሆኑን እያወቅኩ ያስወቀጥኳት፣ ነገሩ ከተነገረ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ስለሆነች ነው። በቃሌ ነው ሥራዋን የለቀቀችው።

ከረጢቱም ዝናብ አይደለም። እኔ ሁልጊዜ አንድ አሥረኛ ቀንሼ ነው የምነግርህ። ክፉ ሳምንት ቢመጣ ካንተ ጋር እንዳላፍር ለመጠባበቂያ የማስቀራት ናት። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረግኩ አትጠይቀኝ።

እንዳትፈርም።

እህትህ


መስከረም 12

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፣ ቀጥሎ በጠቅልል፣ በሦስተኛው የሚናደዱበት ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሲመልሱ አየሁና ገዙ ብዬ ቆጠርኩ። ሰው ወረፋ ለመያዝ የሚያደርገውን ውሃ ለመቅዳት የሚያደርገው አስመሰልኩት። አምስት ሳምንት ዝም ስላልሽው ምንም አልልሽም፤ እኔ አምስት ወር ሙሉ ዝም ያላለኝን ነገር አልሰማሁም።

አልፈረምኩም። አለቃዬ ሲጠሩኝ ጣቴን በፋሻ ጠቅልዬ «እጄን አሞኛል» አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ! «በግራህ ፈርም» አሉኝ። ፊርማዬ አይመሳሰልም አልኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሠውኛል፤ ፋሻውን በየቀኑ እቀይረዋለሁ።

ያንቺን አንድ አሥረኛ ካነሣሽ የእኔንም ልናዘዝ። አንቺ ቀንሰሽ እንደምትልኪ ስለማልጠራጠር እኔ ሁልጊዜ አንድ አሥረኛ ጨምሬ ነው የምጠይቅሽ። የሽያጭ ክፍሉ እኔ እንደምቀንስበት ስለሚያስብ እሱም ይጨምራል። አለቃዬ በሁላችንም ላይ ይጨምራሉ። ጠቅልል ስንከለክለው ይከፋል ብሎ ቀድሞ ይጨምራል። ሁላችንም ጠንቃቆች ነን፤ ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መሐል እውነተኛዋን ቁጥር ያያት ሰው የለም። ተቀምጬ ልፈልጋት ሞከርኩ፤ ከየትኛው ላይ ምን እንደምቀንስ ዞረብኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። አንድ ሳምንት ሙሉ አሮጌውንና አዲሱን ለይተሽ ቁጠሪልኝ። አንዲት እንኳ አታስቀሪ። መኪናው ቢዘገይ በስልክ ንገሪኝ፤ አልስቅም፣ አንቺም አትስቂ። ምን እንደማደርግበት ገና አላውቅም። ዝም ብለን ብንቀጥል አፍንጫ እስከ በጋ ሥራ አላት። ይህን ማሰቤ ያሳፍራል?

ወንድምሽ


መስከረም 24

ለወንድሜ፣

በስልክ የነገርኩህን ላጽናልህ። ሰባት ቀን ቆጠርን። የገባው አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃያ ነው። አሮጌው አምስት መቶ ሰማንያ፣ አዲሱ ዘጠኝ መቶ አርባ። አንዲትም አላስቀረሁም፤ ሳልቀንስ ስጽፍ እጄ እንዴት እንደከበደኝ።

ያሳፍራል ላልከው፣ አያሳፍርም። እኔ ካንተ በፊት አስቤው አድርጌዋለሁ። ግን መፍጫው ከመጣ በኋላ ሲታወቅ የሚዘጋው ግቢው በሙሉ ነው፤ ያኔ አሥራ አራቱ ነባሮችም አይተርፉም። ይህን ለራሴ ስነግረው ነው ቁርጤን ያወቅኩት።

የለየችው አፍንጫ ናት። እያሸተተች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትወረውር ዋለች፣ ሌሎቹ ያነሣሉ። ምን እየሠራን ነው ያለኝ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን አንዱ ክምር ከሌላው በብዙ ሲበልጥ ሁሉም ቆመው አዩት። ከአዲሶቹ አንዷ፣ ልጅ ናት፣ ወደ ንጹሑ ክምር እያሳየች «ይሄኛው እኛ ነና» አለች። ማንም አልሳቀም። አፍንጫ ቀና ሳትል መለየቷን ቀጠለች። እኔ ወደ ቢሮ ገባሁና አለቀስኩ፤ ለማንም አትንገር።

ፋሻህን ፍታና ቁጥሩን ሳትቀባባ ስጣቸው።

እህትህ


ጥቅምት 8

እትዬ፣

ሰጠኋቸው። ደንግጠው ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «እና ሰው በእውነት የሚፈልገው ስንት ጀሪካን ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «አንተን የቀጠርንህ እንድታውቅ አይደለም?» አሉ። ነበር፣ አልኩ።

መፍጫው ቀረ። ደንቡም ቀረ። ምርቱ በግማሽ ይቀነሳል፤ ፋብሪካው ውስጥ ያለው ብዙ ነው፣ በጋ ሲመጣ እናያለን ተባለ። እኔን አላባረሩኝም፤ «ያበላሸ ያቃና» ብለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተዉኝ። መባረር ይሻለኝ ነበር ብል ዋሽቼ አዛኝ መምሰል ነው፤ በመቅረቴ ደስ ብሎኛል።

አሥራ ሁለቱ ግን ይሰናበቱ ተብሏል። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጣቴ ምንም አላለም።

ለአፍንጫ አንድ ወረቀት ጽፌያለሁ፣ ከዚህ ጋር አለ። አንብቢላት። ወይም አታንብቢላት፣ የሚሻለውን አላውቅም። ሆስፒታሉ መልሶ ይቀበላት እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ሄዱ።

ሆስፒታሉ የአፍንጫን ቦታ በለቀቀች በማግስቱ ነው የሞላው። እንዳልከኝ ጠየቅኩ፣ የመለሱልኝ ይህን ነው።

ወረቀትህን አልሰጠኋትም። ይቅርታ በሹፌር አይላክም፤ መጥተህ ራስህ በላት። አሁን በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። መንገድ ላይ ተገናኝተን ሰላም አለችኝ፤ ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አንተ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ ልበል።


ኅዳር 21

እትዬ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ የሰላምታውን ቦታ እንደሞላሁት ቁጠሪልኝ።

ቧንቧው ደርቋል። እዚህ ከተማ ውሃ በአሥር ቀን አንዴ ሆኗል፣ አንቺ ዘንድም እንዲሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጀሪካን ጠፋ! መጋዘን ውስጥ የነበረው በዘጠኝ ቀን አለቀ። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ጅምላ ሻጭ ሳይሆን ሰው፣ ራሱ ውሃ የሚቀዳው ሰው። ያቺ ድመት የወለደችበት ሱቅ ሄጄ ነበር፤ ድመቷ ብቻ ናት ያለችው። አለቃዬ «ያ ሁሉ ጀሪካን የት ገባ?» ብለው ጮኹ። «ፈጨነው» አልኳቸው። ሐምሌን በሙሉ አጥበን ፈጨነው፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ አለን ብለን ምርቱን ቀነስን። ዝም ብንል መጥፎ ነበር፤ ብንናገርም ይኸው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት ብዬ ወደ ኋላ ስቆጥር እያንዳንዱ ቀን ላይ ልክ ነበርኩ።

አሁን አሮጌውም በእውነት መምጣት ጀምሯል፤ የቆሸሸ፣ ክዳን የሌለው። አጣቢዎቹን መልስ ተብያለሁ። አለቃዬ አሥራ ሁለት አሉ። እኔ አሥራ ሦስት ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት፤ ስርዙን ታዪዋለሽ። የማውቀውን ልንገርሽ፦ በእጄ ያለው ትእዛዝ የአምስት ሰው ሥራ ነው። የቀረው ሰባት ተስፋ ነው። እስከ መቼ ላልሽኝ (ትይኛለሽ) ሦስት ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ አምስት ወርም ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ቀድሞ ከመጣ ያበቃል። አላውቅም እትዬ። ቋሚ ነው እንዳትያቸው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ለወንድሜ፣

አልከፋሽም ወይ ብለህ በስልክ ለጠየቅከኝ፣ ከፍቶኛል። ግን ሥራ ሥራ ነው፣ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

አፍንጫ ሁለት ክፍል ቤት ነው ያላት፤ ግቢው በሰው ልብስ ተሞልቶ አንሶላ እየገለጥኩ ነው የገባሁት። መቀመጫ ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። ሥራ መጥቷል አልኳት።

«ቋሚ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«እስከ መቼ ነው?»

«አላውቅም። ወንድሜም አያውቅም።»

የያዘችውን ልብስ ጨምቃ አሰጣች። ከዚያ «ባለፈው ታውቁ ነበር» አለችኝ። ስድብ ብትጨምርበት ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ አልኳት፤ ያንተን አይደለም፣ የእኔን። አንገቷን ነቀነቀች፣ ተቀብላው ይሁን ሰምታው አልገባኝም፣ እስካሁንም አልገባኝም።

«በሳምንት ሦስት ቀን እመጣለሁ» አለችኝ። «የቀረውን ሦስት ቀን ለራሴ ደንበኞች አጥባለሁ። እነሱን አልለቅም፣ እናንተ ብትጠፉ እነሱ አሉኝ። መጠባበቂያ እናንተ ብቻ ነው እንዴ የምትይዙት?»

ልክ ነሽ አልኳት።

የሌሎቹንም ቤት ዞርኩ፣ ለሁሉም አላውቅም አልኳቸው። አራት መጡ። ሰባቱ አልመጡም፤ ያቺ ክምሩን ያሳየችው ልጅ በሩንም አልከፈተችልኝ። አልፈርድባትም። ዛሬ ጠዋት ሥራ ጀምረናል፤ አፍንጫ አንዱን ከፍታ «ናፍጣ!» ብላ ስትጮህ ነባሮቹ ሁሉ ሳቁ፣ ደስ አለን።

እንግዲህ ለአለቃህ የምትሰጠው ቁጥር ይህ ነው። አምስት ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አራት ተኩል ነው።

እህትህ